አያቴና የእሑድ ከሰዓቱ ፊልም

ባለፈው ሳምንት ወደ ሐይቁ በሚወስደው የዘንባባ መንገድ ዳር ካለ አንድ ጁስ ቤት ተቀምጬ አቮካዶዬን በማንኪያ ስዝቅ፣ ከውስጥ ከተሰቀለው ቴሌቪዥን የኪቦርድ ዋሽንት ሰማሁ። ያን ድምፅ ታውቀዋለህ፤ እውነተኛ ዋሽንት አይደለም፤ የሰው እስትንፋስ ያልገባበት፣ በጣት የሚነካ ዋሽንት ነው። በቴሌቪዥን ፊልም ውስጥ አንድ ሰው ሊያለቅስ ሲል ይመጣል። እኔ ጀርባዬን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቼ ነበር የተቀመጥሁት። ሆኖም ሳላስበው አፌ ተከፈተና፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ «ሴትዮዋ አሁን ወደ መስኮቱ ሄደች» አልሁ። አጠገቤ የነበረች ልጅ ቀና ብላ አየች። እውነትም ሴትዮዋ መስኮቱ ጋ ቆማ ኖሯል። «እንዴ! አይተሽዋል ማለት ነው?» አለችኝ።

አላየሁትም። ግን እነዚያ ሴቶች ሁልጊዜ ወደ መስኮቱ ይሄዳሉ። ይህን ያወቅሁት ዘጠነኛ ክፍልን በጨረስሁበት ክረምት ነው፤ ለአያቴ ዓይን ሆኜ በከረምሁበት።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልንገርህ። በዚያን ጊዜ የምንኖረው እዚሁ ባሕር ዳር፣ የፋብሪካ ሠራተኛ በሚበዛበት ሰፈር ነበር። አባቴ የፋብሪካ መካኒክ ነበር፤ በፈረቃ ይሠራል። እናቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች። ሁለት ክፍል ቤት፣ ደጁ ላይ አንድ የማንጎ ዛፍ፣ ከጓሮ ጥቂት የሙዝ ተክል። የሳሎኑ ንጉሥ ቴሌቪዥናችን ነበር፤ ጀርባው እንደ እህል ከረጢት የተቆዘረ፣ እናቴ በእጇ በሠራችው ነጭ ዳንቴል የተሸፈነ። ሥዕሉ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አባቴ ጎኑን በመዳፉ ቸብ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ እንደተቆጡት ሕፃን ቀጥ ይላል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ለቴሌቪዥን ተብሎ የተሠራ ፊልም ይተላለፍ ነበር። ሲኒማ ቤት የሚታየው ዓይነት አይደለም። አንድ ሳሎን፣ አንድ ሶፋ፣ አንድ የሆስፒታል አልጋ፣ ጥቂት ሰዎች፤ ሲያልቅ ወይ ሁሉም ይታረቃል፣ ወይ አንዱ ይሞታል። ምስኪን ፊልሞች ነበሩ። እኔ ግን ከሰኞ ጀምሬ እጠብቃቸው ነበር።

ከእኔ ብሳ የምትጠብቅ ደግሞ አንዲት ጎረቤት ነበረችን። ነበሩን ልበል፤ ትልቅ ሴት ናቸው። ከፋብሪካው የፈትል ክፍል ጡረታ የወጡ፣ ዘመናቸውን ሙሉ በማሽን ጩኸት ውስጥ በመኖራቸው ጆሯቸው የደከመ፣ ሲናገሩም ዛሬም ማሽኑ የሚንጫጫ ይመስል የሚጮሁ ሴት ነበሩ። እሑድ ምሳቸውን በልተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ይመጡና ከቴሌቪዥኑ ፊት ያለውን ወንበር ይይዛሉ። የነጠላቸው ጫፍ በእንባ ካልራሰ ፊልሙ ፊልም አይደለም።

ያን ክረምት አያቴ ከዘጌ መጡ። የእናቴ አባት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩ የዜማ መምህር። ትንሽ ትልቁ «የኔታ» ነው የሚላቸው። ከጀልባው ሲወርዱ በአንድ እጃቸው መቋሚያቸውን፣ በሌላው የእናቴን ክንድ ይዘው ነበር። ከዘጌ ጓሮ የተለቀመ አንድ ዘንቢል ሎሚ ይዘውልን መጡና ቤቱ ለብዙ ቀን ሎሚ ሎሚ ሸተተ። ዛሬም ሎሚ ስቆርጥ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ጋቢያቸው ነው።

ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸው ብርሃንን ከጥላ ከመለየት በቀር አያዩም ነበር። እናቴ «ትንሽ መጥተው ይሰንብቱልኝ» ብላ ነው ያመጣቻቸው፤ በሆዷ የያዘችው ግን ሆስፒታል ነበር። ብዙም ሳትቆይ ወሰደቻቸው። ሐኪሙ በባትሪ አይቶ፣ «ይህማ ቀላል ነው አባ፤ ሞራውን እናነሣዋለን፣ በማግሥቱ ያያሉ» አላቸው። አያቴ መርቀውት ተነሡ። ቤት ደርሰው ጋቢያቸውን ካስተካከሉ በኋላ እናቴን እንዲህ አሏት፦

«ልጄ፣ ድጓው ያለው በልቤ ነው። ተማሪ ሲሳሳት በጆሮዬ አገኘዋለሁ። የቤተ ክርስቲያኑን መንገድ እግሬ ያውቀዋል። እናትሽ ካለፈች ወዲህ ዓይኔ የናፈቀው ነገር የለም። ምን ላይበት ብለሽ ነው?»

እናቴ ጓዳ ገብታ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ አየኋት። አያቴን ማን ያስገድዳል? ሲቆጡ አይጮሁም፤ እምቢ ሲሉም አይጨቃጨቁም። ዝም ብለው እንደ ዋርካ ይተከላሉ።

የመጀመሪያው እሑድ ፊልሙ ሲጀምር አያቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ዳዊታቸውን በቃላቸው ማነብነብ ያዙ። ፊልሙም ቀጠለ፣ ዳዊቱም ቀጠለ፤ ሁለቱ ሳይነካኩ ጎን ለጎን ሄዱ። ከዚያ በድንገት ዳዊቱ ቆመ።

«ያ ምሳ ምን ሆነ?» አሉ አያቴ።

«የትኛው ምሳ፣ አባ?»

«ሳህን ሲደረደር ሰምቻለሁ። እጅ ሲታጠቡም ሰምቻለሁ። ከዚያ ስልክ ጮኸና ሰው ሁሉ ግር ብሎ ወጣ። ምሳው ምን ሆነ?»

ምሳው እዚያው ቀርቶ ነበር። ሰዎቹ ወጥተው፣ ተጣልተው፣ አንዷ ሆስፒታል ገብታ፣ ስለዚያ ምሳ ያነሣ አልነበረም። እኔ ስንትና ስንት ፊልም ሳይ፣ ምግብ ቀርቦ የሚበላው እንደሌለ ልብ ብዬ አላውቅም። ጎረቤታችን ጥያቄው በጆሯቸው ተጮኾ ሲደርሳቸው ጭናቸውን መቱ። «እውነት ነው እኮ! ሁልጊዜ ትተውት ይሄዳሉ! ግፍ አይደለም እንዴ!» አሉና ያን ቀን ሳያለቅሱ ቀሩ።

ከዚያ እሑድ ወዲያ አያቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አላዞሩም። እኔን ከእግራቸው ሥር፣ ዱካ ላይ አስቀመጡኝ። የሚሰሙትን ራሳቸው ይሰማሉ፤ የማይሰማውን እኔ እነግራቸዋለሁ። መጀመሪያ ላይ አልቻልሁበትም ነበር።

«አንድ ሰው ገባ» እላለሁ።

«ምን ዓይነት ሰው?»

«ረጅም።»

«ልብስ ላሰፋለት ነው እንዴ? ሲገባ እንዴት ገባ?»

እንደገና ልብ ብዬ አየሁ። «በሩን በትከሻው ገፍቶ። እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። ሴትዮዋን ሳያይ ቤቱን ነው የሚያየው።»

«እንዲያ በይኝ!» አሉ ደስ ብሏቸው። «ይህ ሰው ቤቱ የእሱ አይደለም። የእሱ ሊያደርገው ግን አስቧል።»

እንዳሉትም ሆነ። ያን ቀን እጄን በደስታ ሳጨበጭብ አስታውሳለሁ። ሌላ ቀን ደግሞ የሳሎኑን መጋረጃ ቀለም፣ የሶፋውን አበባ፣ የግድግዳውን ሰዓት ሳይቀር ስዘረዝርላቸው እጃቸውን ራሴ ላይ ጫን አደረጉና፣ «የኔ ልጅ፣ ያየሽውን ሁሉ አትንገሪኝ። ባላየው የሚቆጨኝን ብቻ ንገሪኝ» አሉኝ። ከብዙ መምህር ተምሬያለሁ፤ እንደዚያ ያለ ትምህርት ግን ያገኘሁት ከዚያች ዱካ ላይ ነው።

አስተያየታቸውማ ምን ልበልህ። በእኛ ቤት ፊልም ዝም ተብሎ አይታይም ነበር። አንድ ሰው በር ከፍቶ ሰተት ብሎ ሲገባ፣ «‹ቤቶች!› አይልም እንዴ? ከብት ነው?» ይላሉ። ሀብታም ነጋዴ ተብሎ የቀረበ ሰው ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ ሲቀመጥ፣ «መቼ ነው የሚነግደው?» ይላሉ። ሰዎችን በድምፃቸው ይለዩ ነበር፤ ዜማ መምህር አይደሉ። «ይህ ሰውዬ በግእዝ ዜማ ይጀምርና ገንዘብ ሲሸተው ወደ አራራይ ዜማ ይዞራል፤ አላምነውም» ሲሉ ጎረቤታችን ሳይገባቸው ራሳቸውን በኀይል ይነቀንቃሉ። እሳቸው ያያሉ እንጂ አይሰሙም፤ አያቴ ይሰማሉ እንጂ አያዩም። አባቴ «ሁለታችሁ ተደምራችሁ አንድ ሙሉ ተመልካች ይወጣችኋል» ይላቸው ነበር። ራሱ ግን ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ ስለሚሆን ፊልሙ ሲጀምር ያንቀላፋና ሊያልቅ ሲል ብንን ብሎ፣ «ተጋቡ?» ይላል።

አንድ ጊዜ ግን የአያቴ ጆሮ ጉድ ሠራቸው። እንደ ማር የሚፈስ ድምፅ ያለው ተዋናይ መጣ። አያቴ ገና አፉን ሲከፍት ወደዱት። «ይህ ልጅ ቀዳሽ መሆን ነበረበት! እንዲህ ያለ ድምፅ የተሰጠው ሰው ክፉ አይሆንም!» አሉ። ፊልሙ ሲያልቅ የገዛ ወንድሙን የመረዘው ያ ልጅ ሆኖ ተገኘ። ጎረቤታችን በሳቅ ከወንበሩ ሊወድቁ ደረሱ፤ «የኔታ፣ ቀዳሽዎ! ቀዳሽዎ!» እያሉ። አያቴ እስኪመሽ አኮረፉ። ራት ላይ ግን ጉርሻቸውን ይዘው ቆም አሉና፣ «ድምፅና ልብ አንድ ቀን አልተፈጠሩም። ይህንንማ ከቤተ ክህነትም አውቀው ነበር» አሉ። እናቴ ምግቡ ትን እስኪላት ሳቀች። እናቷ ካረፉ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር።

ያልሳቅንበት ቀንም ነበር። በአንድ ፊልም አንዲት እናት ሆስፒታል ተኝታ፣ ልጆቿን ሰብስባ፣ ረጅም ኑዛዜ ተናዝዛ፣ የመጨረሻውን ቃል ስትጨርስ ጭልጥ ብላ ሞተች። ጎረቤታችን አለቀሱ። አያቴ ግን በዝግታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሰው እንዲህ አይሞትም» አሉ። «ስንቱን ሰው አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሸኝቻለሁ። ሰው ሲሞት ውሃ ነው የሚጠይቀው። ወይም ላሟ ገባች ወይ ይላል። ይህን ሁሉ ንግግር ማን ሰጣት?» ደግሞም፣ «አያትሽ የመጨረሻው ቀን ‹በሩን ዝጋው፣ ብርድ ይመታሃል› ነው ያለችኝ። ፊቷን ላይ ብዬ ጎንበስ አልሁ። ሞራው ነው ያገኘሁት» አሉ።

ውጭ ዝናብ ሊመጣ ነፋሱ የማንጎውን ቅጠል ያንኳኳ ነበር። እኔ ፊልሙን መተረክ ተውሁና እግራቸውን ያዝ አደረግሁ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሳለ ነው ያ ባለ ሁለት ክፍል ፊልም የመጣው። ባሏ ሥራ ፍለጋ ወደ ሩቅ አገር ሄዶ የቀረባት ሴት ታሪክ ነበር። ሰው ሁሉ «ሞቷል፣ አልቅሺና እርምሽን አውጪ» ይላታል፤ እሷ ግን አትሰማም። በአንዲት የመንገድ ዳር ከተማ ሻይ እየሸጠች ትጠብቀዋለች። እንደ ሌሎቹ ፊልሞች አልነበረም። ሶፋ የለውም። ሴትዮዋ ብዙ አትናገርም፤ ስለዚህ ሥራው ሁሉ የእኔ ሆነ። ብርጭቆ ስታጥብ፣ የአውቶቡስ ጥሩምባ ስትሰማ ቀና ስትል፣ መልሳ ጎንበስ ስትል፤ ሁሉንም ነገርኋቸው። አያቴ አንድም አስተያየት አልሰጡም።

የመጀመሪያው ክፍል ሊያልቅ ሲል በሩ ተንኳኳ። ሴትዮዋ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ከፈተች። ከውጭ የቆመው ማን እንደሆነ አላሳዩንም፤ ያሳዩን ፊቷን ብቻ ነው። ፊቷ ላይ ቆዩ፣ ቆዩ፣ ዋሽንቱ መጣ፣ ከዚያ «ክፍል ሁለት በሚቀጥለው እሑድ» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

«ፊቷ ምን ይላል?» አሉ አያቴ።

አፌን ከፈትሁ፤ ቃል አጣሁ።

«ደስ ብሏታል?»

«እንጃ አባ። ደስ ያላት… አይመስልም።»

«አዝናለች?»

«አይ፣ ያዘነችም አይደለችም።»

«ደስ ብሏታል እንጂ!» ብለው ጮኹ ጎረቤታችን። «ባሏ ነው የመጣው! ምን ትሁን?»

እናቴ ከጓዳ በር ላይ ቆማ ታይ ነበርና፣ «ኧረ ደንግጣለች፤ ሌላ ሰው መርዶ ይዞ መጥቶ ነው» አለች። አባቴ ብንን ብሎ «ተጋቡ?» ሲል ሦስታችንም ተቆጣነው። ክርክሩ ተጋጋለ። ጎረቤታችን ሄደው እንኳ ከደጅ ሆነው «ደስ ብሏታል!» እያሉ ይጮሁ ነበር። አያቴ በመካከላችን መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ፊታቸውን ወደተናጋሪው ሁሉ ያዞራሉ፣ ያዞራሉ። በመጨረሻ ወደ እኔ ተመለሱ።

«አንቺ ንገሪኝ፤ አምንሻለሁ።»

«አባ፣ እኔ ይህን ልነግርዎት አልችልም» አልሁ። ልቅሶዬ መጣ። «የማየው ፊት ነው፤ ግን ስም የለውም።»

ራሴን ዳበሱኝ። ከዚያ ቀለል አድርገው፣ ጋቢ አቀብሉኝ የሚሉ ያህል፣ «እንግዲያው እኔው ልየው» አሉ።

እናቴ እጇ ውሃ እያንጠባጠበ ወደ ፊት መጣች። «ምን አሉ አባ?»

«ሐኪሙ በማግሥቱ ያያሉ ብሎ የለም እንዴ? እሑድ ሳይደርስ ይሁን።»

እናቴ ነገሩን እንዳይለውጡት ፈርታ ይመስለኛል፣ አንድ ቃል ሳትጨምር ወጥታ የማንጎውን ግንድ ተደግፋ ቆመች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስታለቅስ ይሁን ስትስቅ እኔም ከመስኮት ሆኜ መለየት አልቻልሁም።

በሳምንቱ አጋማሽ የቀኝ ዓይናቸው ተሠራ። ግራው ከመስቀል በኋላ ይሁን ተባለ። በማግሥቱ ነርሷ ፋሻውን ስትፈታ እኔም እናቴም ነበርን። ከመስኮቱ የሚገባው የጠዋት ብርሃን ከክረምቱ ሁሉ የተረፈ ይመስል አንድ ቀጭን መስመር ነበር። አያቴ ዐይናቸውን ጨፈኑ፣ ገለጡ፣ ደግሞ ጨፈኑ። ከዚያ እናቴን ትክ ብለው አዩና፣ «ሸበትሽ እንዴ?» አሏት። እናቴ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። ወደ እኔ ሲዞሩ ከላይ እስከ ታች መረመሩኝ። «እኔ ካሰብሁሽ ታንሻለሽ» አሉኝ። «ድምፅሽ ነው ትልቁ።»

እሑድ ደረሰ። ምሳ ተበላ፤ ጎረቤታችን ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ፤ አያቴ የሐኪም ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ነጭ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ እንደ ሙሽራ ተዘጋጅተው ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጡ። ከፊልሙ በፊት ያለው ረጅም ማስታወቂያ ገና ሲጀምር መብራት ጠፋ።

ጎረቤታችን ከማስታወቂያው የልብስ ሳሙና እስከ መብራቱ ግድብ ድረስ ያለውን ሁሉ ረገሙ። እኔ ቆጣሪው ሥር ቆሜ ጸለይሁ። አያቴ በዚያ ጥቁር መነጽር የጨለመውን ቴሌቪዥን ያያሉ። ያን ጊዜ ነው አባቴ፣ ዐይኑ ከእንቅልፍ የቀላው አባቴ፣ ጫማውን እንኳ በቅጡ ሳያስር ወጥቶ የሮጠው። በአንድ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ ተመለሰ። «ሐይቁ ዳር ያለው ሆቴል ጄኔሬተር አለው! ውጡ!» አለ።

ሁላችንም አንድ ባጃጅ ውስጥ እንዴት እንደገባን እስከ ዛሬ አይገባኝም። እኔ አባቴ ጭን ላይ፣ የአያቴ መቋሚያ በአንዱ በኩል ወጥቶ፣ ጎረቤታችን ሹፌሩን «ንዳው ልጄ! ፊቷ ሊያልፈን ነው!» እያሉ ጆሮው ላይ ሲጮሁበት፣ ዝናብ ያጠበው የዘንባባ መንገድ እያብረቀረቀ፣ ከሐይቁ የረጠበ ደንገልና የተጠበሰ ዓሣ ሽታ እየመጣ፤ እናቴ ደግሞ በሳቅ ጎኗን ይዛ። በሕይወቴ ብዙ ጉዞ ተጉዣለሁ። ከዚያ የሚበልጥ የለም።

ሆቴሉ አዳራሽ ስንገባ እግር ኳስ ነበር። ወንበሩ ሁሉ በወጣት ተይዟል፤ ማሊያ የለበሰ፣ የሚጮህ፣ የሚያፏጭ። አባቴ ሄዶ አስተናጋጁን በጆሮው አነጋገረው፤ አስተናጋጁ ወጣቶቹን አየና ፀጉሩን አከከ። «ዕረፍት ሊወጡ ነው፤ ለዕረፍቱ ብቻ ከሆነ…» አለ። ዳኛው ፊሽካውን እንደነፋ ጣቢያው ሲቀየር አዳራሹ ተንጫጫ። ያን ጊዜ አያቴ መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ አንድ ጊዜ መቱ። ዜማ መምህር ድምፁን መቼ ከፍ እንደሚያደርግ ያውቃል።

«ልጆቼ፣ ኳሱን ነገም ታዩታላችሁ። እኔ ግን የአንዲት ሴት ፊት ለማየት ብዬ ዓይኔን አስቀድጄ ነው የመጣሁ።»

አዳራሹ ሳቀ። ከኋላ አንዱ፣ «የኔታ፣ ማን ናት እሷ?» አለ። አያቴም ነገሯቸው። ማስታወቂያው እስኪያልቅ ድረስ፣ ቆመው፣ ያን የመጀመሪያ ክፍል ከእኔ እንደሰሙት ተረኩላቸው፤ ብርጭቆ ስታጥብ፣ የአውቶቡስ ጥሩምባ ስትሰማ ቀና ስትል፣ መልሳ ጎንበስ ስትል። የእኔ ቃላት በእሳቸው አፍ ምን ያህል እንዳማሩ! በሩ ተንኳኳ ሲሉ አንድ ባለ ማሊያ፣ «እሺ፣ ከዚያስ?» ብሎ ወንበሩን ለአያቴ ለቀቀላቸው።

ፊልሙ የጀመረው ካለፈው ክፍል መጨረሻ ነበር። ሴትዮዋ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። እኔ እንደለመድሁት ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ፣ «አባ፣ አሁን በሩን ልትከፍት—» ስል እጃቸውን አነሡ።

«ዝም በይ፣ ልይበት» አሉኝ።

መነጽራቸውን አውልቀው ነበር። ከቴሌቪዥኑ የሚመጣው ብርሃን በዚያች በተሠራችው ዓይን ውስጥ ትንሽ ሆኖ ይታየኝ ነበር። እኔ ፊልሙን አላየሁም፤ እሳቸውን ነው ያየሁ። ደስታዬ ወደር አልነበረውም፤ ከደስታው ሥር ግን አንድ ባዶ ነገር ነበር፣ የተሸከሙትን ሲያወርዱ ትከሻ ላይ እንደሚቀረው ያለ ቅዝቃዜ። ሥራዬ አልቆ ነበር።

«ደክሟታል» አሉ አያቴ።

«ምን አሉ?» አሉ ጎረቤታችን።

«ደክሟታል! ደስታም አይደል፣ ድንጋጤም አይደል። ሰው የጠበቀው ሲመጣለት መጀመሪያ የሚመጣበት ድካም ነው። ያቆመው ጉልበት ያን ጊዜ ይከዳዋል።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለእናቴ ይመስለኛል፣ «እኔ ትምህርት ብዬ ስንት ዘመን ዞሬ ስመለስ እናትሽ በሩን ከፍታ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። እንኳን ደህና መጣህ አላለችኝም። እኔ ተቀየመችኝ ብዬ ነበር» አሉ። «ይቺው ነበረች ፊቷ።»

እናቴ እጃቸውን ያዘች። የኳሱ ዕረፍት ማለቁን ያስታወሰ አንድ ልጅ፣ «አስተናጋጅ…» ብሎ ሲጀምር ጓደኞቹ ከግራ ከቀኝ በክርናቸው ዝም አሰኙት። ባልየው ገብቶ፣ ሻይ ቀርቦለት፣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ሲይዝ ከአዳራሹ ጥግ አንድ ባለ ማሊያ አፍንጫውን ሲስብ ሰማሁ። መጨረሻው ላይ እንደ ልማዳቸው ሠርግ የመሰለ ድግስ ጨመሩበት። አያቴ ቅር አላቸው። «ሻዩን ሲጠጣ ማለቅ ነበረበት። ድግሱ ለማን ነው? ለእኛ ነው» አሉ። ጎረቤታችን ግን ነጠላቸው ርሶ ነበርና በምንም አልተስማሙም። አባቴ ነቅቶ ነበር፤ ሙሉውን ያየው የመጀመሪያ ፊልም ነው።

አያቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረዋል። ግራ ዓይናቸውም ተሠራ። ሲያርፉ እናቴ አጠገባቸው ነበረች፤ ውሃ ነው የጠየቁት አለችኝ። ይህን ስትነግረኝ ሁለታችንም ፈገግ አልን።

እኔ ግን እሳቸውን ሳስብ የማያቸው በዚያ ሳምንት፣ ወደ ዘጌ ሲመለሱ ነው። በጠዋት እኔ ነኝ ወደቡ ድረስ የሸኘኋቸው። ሌሊት ዘንቦ ሰማዩ ተጠርጎ ነበር። ከቤት ከወጣንበት ጀምሮ አንድም ጊዜ ዝም አላሉም። «ያውልሽ ታንኳ፤ ደንገሉ ገና አረንጓዴ ነው፤ ትናንት የታሰረ ይመስለኛል። ሰውዬው ተንበርክኮ ነው የሚቀዝፈው። ያቺ ወፍ አንድ እግሯን ሰብስባ ቆማለች፣ አየሻት? ውሃው እዚህ ጋ ጭቃ ይመስላል፤ ወደዚያ ሲሄድ ግን ሰማይ ይሆናል።» ሁሉንም እኔም አየው ነበር። በየቀኑ የማየው ሐይቅ ነው። ቢሆንም «እንዴት ያለች ወፍ?» እላቸዋለሁ፤ «ሰውዬው ምን ለብሷል?» እላቸዋለሁ። እሳቸውም ቆም ይሉና፣ ልብ ብለው አይተው፣ ባላየው የሚቆጨኝን መርጠው ይነግሩኛል።

ጀልባው ላይ ሲወጡ ከኋላ ያለውን መቀመጫ ያዙ። ሞተሩ ተነሣ። ጀልባው ሲርቅ አያቴ ፊታቸውን ወደ እኔ አድርገው አሁንም ይናገሩ ነበር፤ በእጃቸው ወደ ደሴቶቹ፣ ወደ ሰማዩ፣ ወደ ውሃው ያመለክቱኛል። የሆነ ቦታ ላይ እጃቸው ቆመ፣ ተነሥተውም ቆሙ፤ አንድ ያማረ ነገር አይተው መሆን አለበት። እኔ እጄን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ወደ ውሃው ዳር ሮጥሁ። ከሞተሩ ድምፅ በቀር ምንም አልሰማሁም።